ከለንደን ወደ ገጠር ለገቡት እኅት፦ ጓሮው ምን ይሰጣል? መቼስ ይሰጣል?

ውድ እኅቴ፣

ከሁለት ወር በፊት ከባለቤትዎና ከሁለት ልጆችዎ ጋር ከለንደን ወደ አንድ የሽሮፕሺር መንደር እንደተዛወሩ፣ ከቤቱ ጀርባም 8 በ12 ሜትር የሚሆን ሣር የለበሰ ጓሮ እንዳገኙ ጽፈው ሦስት ነገር ጠይቀዋል፤ ጓሮው የአስቤዛ ወጪን በእርግጥ ይቀንስ እንደሆነ፣ አሎትመንት የሚባለውን የኪራይ መሬት መያዝ ይሻል እንደሆነ፣ እንዲሁም ዘመድ በሌለበት መንደር ልጆችን ይዞ ብዙ ሳያወጡ ደስ ብሎ መዋል የሚቻለው እንዴት እንደሆነ። እኔ በአጎራባቹ በሄርፎርድሺር ገጠር መኖር ከጀመርሁ አሥራ አራተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መንከባከብ በመሆኑ፣ ስለ ጓሮ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርሁት ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲኮተኩቱ ከኖሩ ሰዎች ነው።

ስለ ወጪው እውነቱን ልንገርዎት፤ በመጀመሪያው ዓመት ጓሮ ገንዘብ ይበላል እንጂ አያተርፍም። ማርች ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል የአትክልት መደብሮች በሚያማምሩ የእንጨት መደቦች፣ በከረጢት አፈርና በትንንሽ የፕላስቲክ ቤቶች ይሞላሉ፤ ያን ሁሉ የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ሰላጣ ሲቆርጥ የዓመት ሰላጣ መግዣ አውጥቷል። አካፋና መኮትኮቻ እሑድ ጠዋት ካር ቡት በሚባለው፣ ሰዎች ያረጀ ዕቃቸውን በመኪና አምጥተው በሚሸጡበት ገበያ በጥቂት ፓውንድ ይገኛሉ፤ እጀታቸው ቢላላ እንኳ የድሮዎቹ ብረት ጠንካራ ነው። መሬቱንም በአንድ ጊዜ አይክፈቱት። 1.2 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት መደቦች ለጊዜው ይበቃሉ። ስፋቱ ከዚያ የማይበልጠው ከግራም ከቀኝም ሆነው መሀሉ ድረስ እጅዎ እንዲደርስና አፈሩ እንዳይረገጥ ነው። የእኛ አካባቢ ቀይ ሸክላማ አፈር እርጥብ ሳለ ከተረገጠ እንደ ጡብ ስለሚደርቅ ነገሩን አይናቁት።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን የዚህ አገር የዓመት ዑደት ነው። አገር ቤት ጎተራ የሚራቆተው በሐምሌና በነሐሴ፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ነው። እንግሊዞችም የራሳቸው እንዲህ ያለ ወቅት አላቸው፤ «የርሀብ ክፍተት» ይሉታል። የሚገርመው ይህ ወቅት የሚመጣው በኤፕሪልና በሜይ፣ ዛፉ ሁሉ አብቦ፣ ጫካው ብሉቤል የሚባለውን ሰማያዊ አበባ ተነጥፎ፣ ዓይን በሚጠግብበት ጊዜ መሆኑ ነው። ክረምቱን የዘለቀው ጎመን ሙቀት ሲሰማው ያብብና ያበቃለታል፤ በማርች የተዘራው ደግሞ ገና ሁለት ቅጠል ነው። ለምንጾም ሰዎች ይህ ከዐቢይ ጾም የመጨረሻ ሳምንታት ጋር ስለሚገጣጠም፣ አትክልት አብዝተን በምንፈልግበት ሰዓት ጓሮው ባዶ ይሆናል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በኦገስት የተረፈኝን ዝኩኒና ፎሶሊያ ሰው እየለመንሁ ስሰጥ፣ በኤፕሪል ደግሞ ጎመን ከሱቅ ስገዛ ኖሬያለሁ።

ቁጠባው የመጣው መሬቱን ሳልጨምር የመዝሪያ ጊዜዬን ስለውጥ ነው። ቆስጣን በጁላይ እዘራለሁ፤ ውርጭ ቅጠሉን ቢያከስመውም ሥሩ ከተረፈ በማርች ዳግም ያቆጠቁጣል። ባሮ ሽንኩርት በጁን ይተከልና ክረምቱን ሙሉ ከመሬቱ እየተነቀለ ይበላል። ፐርፕል ስፕራውቲንግ የሚባለው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ብሮኮሊ ደግሞ በሜይ ይዘራል፤ የሚደርሰው ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ ልክ በባዶው ወቅት ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ርግቦችም ስለሚወዱት መረብ ካልለበሰ አይተርፍም፤ ቢሆንም ከተከልኋቸው ሁሉ እንደ እርሱ የካሰኝ የለም።

ክፍተቱን የሚዘጋው የራሳችን ባቄላ ነው። አኳዱልቼ ክላውዲያ የሚባለው ዘር በኦክቶበር መጨረሻ ወይም በኖቬምበር ሲዘራ ብርዱ ሳይበረታ ይበቅላል፤ ክረምቱን አንድ ስንዝር ያህል ሆኖ ቆሞ ይከርምና በሜይ መጨረሻና በጁን እሸት ይሰጣል። እዚህ ሰዎች ፈልፍለው፣ ቀቅለው፣ ቅቤ ጣል አድርገውበት ነው የሚበሉት። ልጆቼ ከተክሉ ሥር ቁጢጥ ብለው እሸቱን በጥሬው ሲበሉ ያዩ አዛውንት ጎረቤታችን በሰማንያ ዓመታቸው እንዲህ ሲበላ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ቀምሰውም በነጋታው ደግመው መጡ። ፍሬው መያዝ ሲጀምር የተክሉን ጫፍ ቀንጥሱት፤ ጥቁሩ ክሽክሽ የሚወርረው ለስላሳውን ጫፍ ስለሆነ ቶሎ ከተቀነጠሰ መድኃኒት አያስፈልገውም፣ የተቀነጠሰውም እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል።

ስለ ባቄላ ይህን ያህል የምናገረው ከአንድ ትልቅ ጥፋት ስለሚጠብቅም ነው። ገጠር ሲኖሩ በየበሩ «በነጻ ይውሰዱ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የፈረስ ፋንድያ በከረጢት ተደርድሮ ያያሉ። በአምስተኛው ዓመቴ አሥር ከረጢት ወስጄ ድንችና ባቄላ በምተክልበት መደብ ሁሉ አፈሰስሁት። ጁን ሲገባ የድንቹ አዲስ ቅጠል መዘርጋቱን ትቶ ወደ ላይ እየተጠቀለለ ጠበበ፣ ጫፉ የሕፃን ጡጫ መሰለ፣ የቲማቲሙም ቅጠል ፈርን እንደሚባለው ላባ መሰል ተክል ቀጠነ። በሽታ መስሎኝ ነበር። አዛውንቷ ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በጣታቸው ዘረጉና ፀረ አረም ነው አሉኝ። አሚኖፓይራሊድ የሚባለው መድኃኒት በግጦሽ መሬት ላይ የሚረጨው እሾኽንና ቱልትን የመሳሰሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ለማጥፋት ነው፤ ሣሩን አይነካም፣ በፈረሱ ሆድ ውስጥ ሳይበላሽ ያልፍና በፋንድያው ውስጥ ይቀመጣል። በ2008 በብዙ የእንግሊዝ ጓሮዎች እንዲህ ያለ ጉዳት በመድረሱ ሽያጩ ለጊዜው ታግዶ ነበር። ፋንድያውን የሰጠኝም ሰው ድርቆሹን የገዛው ከሌላ ስለነበር ምንም አያውቅም። የዚያ ዓመት ድንች ሳይበላ ቀረ፤ መደቡንም ወደ ቦታው ለመመለስ ሌላ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፋንድያ ሳልፈትን አላስገባም። ሦስት ትንንሽ ማሰሮዎች በፋንድያና በአፈር ድብልቅ፣ ሦስቱን ደግሞ በአፈር ብቻ ይሙሉ፤ በሁሉም ባቄላ ይዝሩና ለአንድ ወር ያህል በመስኮት አጠገብ ይጠብቁ። ባቄላ ለዚህ መድኃኒት እጅግ ስሱ ስለሆነ ፋንድያው ከተበከለ ቅጠሉ ተጨማትሮ ይናገራል። ልጆችዎን ያሳትፉ፤ የእኔ ልጅ ከዚህ ፈተና የተማረችውን ያህል ከመጽሐፍ የተማረች አይመስለኝም።

አሎትመንትን በተመለከተ አሁን አይያዙ፣ ነገር ግን ስምዎን ዛሬ ያስመዝግቡ፤ በብዙ ቦታ ወረፋው ዓመታት ይወስዳል። ሙሉው ቁራጭ በቀድሞው ልክ አሥር ሮድ፣ 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ሥራና ሕፃናት ላለው ቤተሰብ ግማሹም ብዙ ነው። በመንደርዎ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የ1908ቱ ሕግ ስድስት ነዋሪዎች ፈርመው ሲጠይቁ የአካባቢው ምክር ቤት ጉዳዩን እንዲያይ ያስገድደዋል።

ከጓሮው ውጭ ያለውም ቀላል አይደለም። በ1968ቱ የስርቆት ሕግ መሠረት በዱር የበቀለውን ፍሬ፣ ቅጠልና አበባ ለራስ መልቀም፣ ለመሸጥ እስካልሆነ ድረስ፣ ስርቆት አይደለም፤ ተክሉን ከነሥሩ መንቀል ግን ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ክልክል ነው። የሕዝብ የእግር መንገዶች ኦርድናንስ ሰርቬይ በሚባለው የአገሪቱ የካርታ ድርጅት ካርታ ላይ በመስመር ተመልክተዋል፤ በ1:25,000ው ካርታ አረንጓዴውን የተቆራረጠ መስመር ተከትሎ በእርሻ መሀል መሄድ መብትዎ ነው። በኦገስትና በሴፕቴምበር በየአጥሩ ላይ የሚጠቁረው እንጆሪ የልጆች ደስታ ነው። በማርችና በኤፕሪል ደግሞ ሳማ አለ። አገር ቤት ሳማ የሚበላው በችግር ጊዜ ስለሆነ እናቴ ስነግራት ደነገጠች፤ ነገር ግን ሳያብብ በጓንት የተቀነጠሰው ለጋ ጫፍ ከድንችና ከሽንኩርት ጋር ሲበስል ግሩም ሾርባ ነው፣ ለዚያም ለባዶው ወቅት የሚደርስ ነው። እንጉዳይን ግን እኔ አልነካም፣ እርስዎም አይንኩ።

ስለ ብቸኝነት የጻፉት ከሁሉ በላይ ልቤን ነክቶታል። እዚህ ሰው ቤትዎን አንኳኩቶ ቡና አይጠራዎትም፤ የሚቀራረበው በትርፍ ነገር ነው። በየበሩ ጠረጴዛ ላይ እንቁላል፣ ዝኩኒ ወይም የአበባ ችግኝ ከአንዲት የሳንቲም ቆርቆሮ ጋር ተቀምጦ ያያሉ፤ ሻጩ የለም፣ ዋጋውን ጨምረው ይወስዳሉ። አገር ቤት ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ጎረቤቴ የመጀመሪያውን የማርማላታ ጠርሙስ ሲሰጡኝ ምን ሞልቼ እንደምመልስ ተጨንቄ ሳምንት አቆየሁት፤ ለካ እርሳቸው የሚጠብቁት ባዶውን የታጠበ ጠርሙስ ኖሯል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ ስለሚፈልጉት። ሁለቱንም አደረግሁ፣ ጠርሙሱን ከድፎ ዳቦ ጋር ይዤ ሄድሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካከላችን የሚመላለስ ነገር ጠፍቶ አያውቅም። በሜይ በመንደሩ አዳራሽ የችግኝ ሽያጭ ካለ አይቅሩ፤ ሰዎች የተረፋቸውን የቲማቲም ችግኝ ለሳንቲም ይሰጣሉ፣ ምክሩንም አብረው ይሰጣሉ። የናሽናል ጋርደን ስኪምም የግል ጓሮዎችን ለጎብኚ ይከፍታል፤ በ1927 ለነርሶች ገንዘብ ለማሰባሰብ በአንድ ሺሊንግ መግቢያ የተጀመረ ነው፣ ከሻይና ከኬክ ጋር አንድ ሙሉ ከሰዓት ያስውላል።

አሁን ኦክቶበር መግቢያ ስለሆነ ለዘንድሮው ቆስጣና ብሮኮሊ አልፎበታል፤ የሚሠራው ግን አለ። በዚህ ሳምንት ሁለቱን መደቦች በገመድ ይለኩና ቴፑ በተላጠ ካርቶን ሣሩን ይሸፍኑ፤ በአንደኛው ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ኮምፖስት ያልብሱ፣ ሁለተኛው እስከ ማርች እንዲሁ ተሸፍኖ ይክረም። ጎረቤቶች የወደቀ ፖም በሣጥን በር ላይ ሲያወጡ ያልተነካካውን መርጠው እያንዳንዱን በጋዜጣ ይጠቅልሉና በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ፤ ብራምሊ የሚባለው ኮምጣጣ የማብሰያ ፖም እንዲህ ሆኖ እስከ ፀደይ ይቆያል። የብራምሊ የመጀመሪያው ዛፍ በ1809 በሳውዝዌል ከተማ አንዲት ልጃገረድ ከዘራችው ፍሬ የበቀለ መሆኑን ለልጆችዎ ይንገሯቸው። በወሩ መጨረሻ ካርቶኑን በአካፋ ጫፍ እየበሱ ባቄላውን 5 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ይዝሩ፤ በመደቡ ዳር ለዳር ነጭ ሽንኩርት ይትከሉ፣ ጁላይ ላይ ይነቀላል። አይጥ ዘሩን እንዳይቆፍር መረብ ወይም የእሾኽ ቅርንጫፍ ጣል ያድርጉበት። ቡቃያው ሲወጣ ፎቶ ይላኩልን።