መቅደላንም ግሸንንም በሦስት ቀን?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከእናቴና ከወንድሜ ጋር ለሦስት ቀን ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ እናርፋለን። ደሴን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን፣ ይስማ ንጉሥን፣ ግሸንን፣ መቅደላንም ማየት አምሮናል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። እንችለዋለን ወይስ አበዛነው?

መልስ፦ አብዝታችሁታል፣ እህቴ። ወሎ ውስጥ ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም አይነግርሽም፣ አቀበቱን ጠይቂ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች፤ ሐረጎን እየተጠማዘዛችሁ ስትወጡ ግን አየሩ ሌላ ይሆናል፣ ለእናትሽ ጋቢ ያዢ።

የመጀመሪያውን ቀን ለደሴ ስጡት። የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ አይጠየፍን ሳታዩ እንዳትመለሱ። የደሴ ሙዚየም በ2014 በጦርነቱ ስለተዘረፈ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደሚታይና ክፍት መሆኑን ጠይቁ። በከተማው ውስጥ ባጃጅ ያዙ፣ ዳገቱ ለጉልበት አይመችም።

በሁለተኛው ቀን ሐይቅ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም ነው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ለእናትሽ ንገሪያት፦ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም። ደርሳ ብታውቀው ታዝናለች። ወንድምሽ ገብቶ ይሳለም፣ እናንተ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ አሳ ብሉ፣ እኔ እንደሆነ አሳውን ብቻ ብዬም እሄዳለሁ።

ከዚያ በዚያው በወልዲያ መንገድ ቀጥሉና ውጫሌ ድረሱ። ይስማ ንጉሥ በዚያ አካባቢ ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት። የአማርኛውና የጣሊያንኛው 17ኛ አንቀጽ ባይገጥም ነው አድዋ ላይ የተደረሰው፣ ለወንድምሽ መኪና ውስጥ አስታውሺው።

መቅደላን ግን ተዉት። ወደ ተንታ የሚወስደው መንገድ አድካሚ ነው፣ አምባው ላይ ለመውጣት ደግሞ እግር ያስፈልጋል። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 የሞቱበትን፣ ሴባስቶፖል መድፍም እስካሁን ያለበትን ቦታ በጥድፊያ ማየት አላምንበትም። ለብቻው ቀን ይዛችሁ፣ እዚያው አካባቢ አድራችሁ ሂዱበት።

ሦስተኛውን ቀን ለግሸን ካላችሁ በሌሊት ተነሱ። መኪናው የሚያደርሳችሁ እስከ የት እንደሆነ፣ ከዚያ በእግር የሚቀረውም ምን ያህል እንደሆነ ሾፌሩን ጠይቁት፣ የእናትሽ ጉልበት የሚወሰነው እዚያ ነው። መስከረም 21 ሰሞን ከሆነ ደግሞ መኪናውን ከወዲሁ ተነጋገሩ፣ ያን ጊዜ አገር ሙሉ ነው የሚወጣው።