ሐኪም ያልሆነ ሰው ስለ ልብ ሕመም መከላከል ምን ሐሳብ ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ነው። ደም ብዛት እንዳለብኝ ከተነገረኝ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ መድኃኒቴንም ከጤና ጣቢያ እወስዳለሁ። በቅርቡ ነርሷ «የልብ ሕመምንና ስትሮክን ለመከላከል የምንሠራውን ለማሻሻል ከታካሚዎች ጋር ልንመካከር ስለሆነ እርስዎም ከተወካዮቹ አንዷ ይሁኑ» አለችኝ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚህ ቀደም እንዲህ ባለ ስብሰባ ተቀምጬ፣ አመስግኜ ከመውጣት በቀር ያደረግሁት ነገር አልነበረም። እንደ እኔ ያለ ሰው ለጤና ባለሙያ ምን ሊነግረው ይችላል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ሊነግሩት ይችላሉ። የደም ግፊት 140 በ90 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ከፍተኛ እንደሚባል፣ ሳይታከም ሲቆይም ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ ባለሙያው ያውቃል። ጎረቤትዎ «ራሴን ሳያመኝ ምን አስዋጠኝ» ብላ እንክብሉን መዋጥ እንደተወች ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት እንውሰድ። ይህ እንክብል ሽንት ያበዛል፤ ስለዚህ በመኪና ወደ ደሴ ለመሄድ የተነሣች ሴት በመንገድ የሚገጥማትን ችግር አስባ የዚያን ቀን ሳትውጠው ትቀራለች፤ ባለሙያው ሲጠይቃት ግን አፍራ «እየወሰድሁ ነው» ትላለች፤ ግፊቷ አልወርድ ሲልም ሌላ መድኃኒት ይጨመርላታል። ኢናላፕሪል የሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፣ አምሎዲፒን የሚባለው ደግሞ ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። እነዚህ ሁሉ መድኃኒቱን በገዛ እጅ ለማቋረጥ ምክንያት አይሆኑም፤ ባለሙያው ከተነገረው ሰዓቱን፣ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊለውጥ ይችላልና።

ስለ ጨውም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። «ጨው ቀንሱ» የሚለው ምክር ግን ብዙ ጊዜ ወጡ ላይ ብቻ ያተኩራል። በአገራችሁ ቡናን በጨው የሚጠጡ ቤቶች እንዳሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣም ጨው በየስኒው እንደሚገባ የሚያስታውሰው ከቤቱ የመጣ ሰው ነው። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚኖሩበት አገር በመሆኑ፣ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ምክር እንዲሰጥ ቢጠይቁ መልካም ነው።

የቀጠሮው ቀንም ይነሣ። ለምሳሌ በባቲ ከተማ ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ ለአንዱ ታካሚ ገበያ በወጣበት መታየት ይቀናዋል፣ ሌላው ግን ሸቀጡን ጥሎ መሄድ አይችልም። የእናንተን ሰው ልማድ ሳይጠይቁ በቢሮ የተቆረጠ ቀን ወረፋ ከማብዛት አያልፍም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ፦ በስብሰባው ላይ የሚገኙት እንደ እርስዎ ክትትላቸውን ያላቋረጡ ብቻ ከሆኑ፣ ምክክሩ ግማሽ ነው። ያቋረጡ ሁለት ሦስት ሰዎች እንዲጠሩ ይጠይቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት ካልፈለጉም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታቸው ሄዳ ሳትቆጣ ታነጋግራቸው። መናገር ለሚከብዳቸው ሴቶች ከኃላፊዎች ፊት ይልቅ ለብቻቸው፣ ቡና ላይ ቢወያዩ ይሻላል።

ወረዳዎ ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። ለመድኅኑ መዋጮ የከፈለ አባል መድኃኒት ሲታጣ «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ስንት ወር እንደጠፋና ከግል መድኃኒት ቤት በስንት ብር እንደገዛችሁ ጽፋችሁ ብትቀርቡ ደግሞ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ለማቅረብ ይመቻል።

ግፊት ሲለካም ትዝብታችሁን ተናገሩ። ታካሚው ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አሳርፎ፣ ክንዱንም በልቡ ትክክል አድርጎ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓትም ቡና መጠጣት፣ ማጨስና ጫት መቃም የለበትም። ዳገት ወጥቶ እያለከለከ የደረሰ ሰው ወዲያው ከተለካ ቁጥሩ ያሳስታል፤ መፍትሔውም ከመለኪያው ክፍል በር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ማኖር ሊሆን ይችላል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለማስተካከል አትነሡ። አንዱን መርጣችሁ፣ ለምሳሌ የቀጠሮውን ቀን፣ ለሦስት ወር ሞክሩት፤ በመዝገብ ላይ ከሰፈሩት ታካሚዎች ውስጥ ስንቱ በቀጠሮው እንደመጣ፣ የስንቱም ግፊት ከ140 በ90 በታች እንደወረደ በሚቀጥለው ስብሰባ በቁጥር እንዲነገራችሁ ከአሁኑ ቃል አስገቡ።