«ቆዩ» ማለትና በር መቆለፍ

ጥያቄ፦ ቡድናችንን ለመደገፍ ደሴ ስንሄድ ጨዋታው ሲያልቅ «ቆዩ» ተብለን በሩ ይቆለፍብናል። አግባብ ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ማቆየቱ አግባብ ነው፣ መቆለፉ ግን አይደለም። እንግዳ ደጋፊ የሚቆየው ባለሜዳው ከበሩ አካባቢ እስኪበተን ነው። ይህም ከጨዋታው በፊት ሊነገራችሁ፣ ስትጠብቁም ስንት ደቂቃ እንደቀረ በድምፅ ማጉያ ሊገለጽ ይገባል። ዝም ከተባለ ሰው ይቆጣል፣ በሩንም ይገፋል። ስለዚህ በሩ ላይ ጠባቂ ይቁም እንጂ ቁልፍ አይንጠልጠል፤ አከፋፈቱም ወደ ውጭ ይሁን።

በእንግሊዝ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ ስሌት፣ በደልዳላ መውጫ በ1 ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው፣ በደረጃ 66 ሰው ያልፋል። በ8 ደቂቃ ውስጥ ለመጨረስ የ3 ሜትር በር ለ2,000 ሰው ገደማ ይበቃል። አፉ ላይ አንድ ባጃጅ ከቆመ ግን ሒሳቡ ፈረሰ።

አስለቃሽ ጭስማ ጨርሶ አይታሰብም! እ.ኤ.አ. በ2001 በጋና ዋና ከተማ አክራ ስታዲየም ከ120 በላይ ሰው ያለቀው ጭስ ተተኩሶ ሕዝቡ ወደተዘጉ በሮች በመሮጡ ነው።

አውቶቡሶቻችሁ በእንግዳው በር አጠገብ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት አቅጣጫ ዞረው ይጠብቁ። እስከ መናኸሪያ በእግር መሄድ ጠብ መጥራት ነው።