ኮምፒውተር ተምሬያለሁ፣ በኮምፒውተር ማስተማር ግን አልተማርኩም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ፊዚክስ እያጠናሁ ነው። የኮምፒውተር ኮርስ ወስጃለሁ፣ ወርድም ኤክሴልም እችላለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ እወጣለሁ። የምሄድበት ትምህርት ቤት ያለው አንድ ፕሮጀክተር ነው፣ ኢንተርኔት የለም፣ መብራትም ይጠፋል። በቴክኖሎጂ አስተምሪ ተብያለሁ፤ ከየት ልጀምር?
እጩ መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ከማሽኑ አትጀምሪ። ከትምህርቱ ጀምሪ። ወርድ መቻል ሌላ ነው፣ ኤሌክትሪክ ስታስተምሪ ኮምፒውተሩ የቱ ጋ እንደሚጠቅም ማወቅ ደግሞ ሌላ። ብዙ ቦታ የመጀመሪያውን ያስተምሩና ሁለተኛው በራሱ ጊዜ ይመጣል ብለው ይተዉታል። በራሱ አይመጣም። ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮህለር የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ነው ያስረዱት፦ መምህር ይዘቱን፣ የማስተማር ዘዴውንና ቴክኖሎጂውን ለየብቻ ማወቁ አይበቃም፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሆኑም ማወቅ አለበት።

ስለዚህ መጽሐፍሽን ግለጪና ተማሪዎች በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ የማይገባቸውን ርዕስ ፈልጊ። የኤሌክትሪክ ፍሰት አንዱ ነው። ሁለት አምፖል በሲሪየስ፣ ማለትም በአንድ መስመር ተከታትሎ፣ ሲቀጠል ብዙ ተማሪ የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን ይጨርስና ለሁለተኛው የተረፈው ብቻ ይደርሰዋል ብሎ ያስባል። ሰሌዳ ላይ ስለሽ ብታስረጂ ይጽፉታል፣ ፈተናም ላይ ይመልሱታል፣ ሐሳባቸው ግን አይለወጥም።

እዚህ ላይ ነው ቴክኖሎጂው የሚገባው። የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው ፌት (PhET) የሚባሉ ነፃ የሳይንስ ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ሙከራን በኮምፒውተር አስመስለው የሚያሳዩ ፕሮግራሞች፣ አሉ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ነው። ኮሌጅሽ ዋይፋይ ላይ ታወርጃቸዋለሽ፣ በፍላሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ክፍል ውስጥ ያለ ኢንተርኔት በላፕቶፕ ይከፈታሉ። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እየጎተትሽ ታገናኛለሽ፣ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ትናንሽ ሰማያዊ ኳሶች ሽቦው ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ።

ግን ቶሎ አታሳዪያቸው። አንድ አምፖል አብሪና ቁሚ። «ሁለተኛ ተመሳሳይ አምፖል እዚሁ መስመር ላይ ብጨምር የትኛው ይደምቃል?» ብለሽ ጠይቂ። እጅ ያውጡ፣ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፊ፣ ከዚያ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይከራከሩ። ክርክሩ ሲጦፍ ነው ማሳየት። ሁለቱም እኩል ይደበዝዛሉ፣ ኳሶቹም ከአምፖሉ በፊትና በኋላ በአንድ ፍጥነት ይሄዳሉ። ያን ጊዜ «እንዴት?» የሚለው ጥያቄ ከልጆቹ አፍ ይወጣል፣ አንቺ ከዚያ ትቀጥያለሽ።

መብራት ቢጠፋስ? ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ትናንሽ አምፖልና ቁራጭ ሽቦ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ያው ጥያቄ፣ ያው ክርክር። ዕለታዊ ዕቅድሽ ላይም ሁለቱንም መንገድ ጻፊ፤ ከኮሌጅ የሚመጣው ሱፐርቫይዘር ድንገት መብራት በጠፋበት ቀን ቢገባ ትምህርትሽ አይቆምም።

ጥያቄ፦ እኔ እጩ መምህራንን የማሠለጥን ነኝ። ሠልጣኞቻችሁን ቴክኖሎጂ አስተምሩ እንባላለን። በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይማሩበት የነበረውን ዘመን ስላየሁት ነገሩ አያጓጓኝም። ተሳስቻለሁ?
የኮሌጅ መምህር

መልስ፦ መምህር፣ አልተሳሳቱም፤ ጥርጣሬዎ ከበቂ ምክንያት የመጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር፣ ልጁ ባይገባውም ማስቆም አይቻልም፣ መምህሩም መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በቀረው ጊዜ ዳር ይዞ ይቆማል። ሩቅ ገጠር ላለና ላቦራቶሪ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ሙከራ በዓይኑ ማሳየቱ ትልቅ ነገር እንደነበር አልክድም። ነገር ግን «አቁም፣ ይህን እንደገና እንየው» የማለትን ሥልጣን ከመምህሩ ወሰደ። ያለዚያ ሥልጣን ማስተማር የለም። ሠልጣኞችዎ ይህን ታሪክ ከእርስዎ ቢሰሙት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ነገ ታብሌት ወይም ስማርት ቦርድ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁትን ያውቃሉ፦ እኔ ላቆመው እችላለሁ ወይ?

ለመጀመር ደግሞ አዲስ ዕቃ አያስፈልግዎትም። ማይክሮ ቲቺንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ሠልጣኙ አጭር ትምህርት ይሰጣል፣ በቪዲዮ ይቀረጻል፣ ራሱን አይቶ ያርማል። ያኔ ካሜራው ውድ ነበር፣ ዛሬ በሠልጣኙ ኪስ ውስጥ አለ። አሥር ደቂቃ ያስተምር፣ ጓደኛው በስልክ ይቅረጸው፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ፦ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ ዝም አለ? ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ዝም የሚሉትም መናገር እንደሚጀምሩ አሳይታለች። ሠልጣኙ ራሱ ጠይቆ ራሱ ሲመልስ በቪዲዮ ሲያይ እርስዎ ብዙ ማለት አይጠበቅብዎትም።

እባክዎ ይህን ለኮምፒውተር ኮርሱ አይተዉት። የማስተማር ዘዴ ኮርስዎ ውስጥ ያስገቡት። እርስዎም በሠልጣኞቹ ፊት ይቀረጹና አብረው ይዩት፤ መምህሩ ስላይድ እያነበበ ያስተማረው ሠልጣኝ እሱም ስላይድ ነው የሚያነበው።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ ዕለታዊ ዕቅድ ቢያወጣልኝ ነውር ነው?
የሦስተኛ ዓመት ሠልጣኝ

መልስ፦ ነውር የለውም። ግን ክፍልህን አያውቀውም፣ በአማርኛ ሲጽፍም ሊሳሳት ይችላል፣ አንዳንዴም የሌለ ነገር በሙሉ ልብ ይጽፋል። ረቂቁን ተቀበልና እያንዳንዱን ነጥብ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አመሳክር። ለተማሪዎች የምታቀርበውን ጥያቄ ግን ራስህ ጻፈው፣ ልጆቹ የት ላይ እንደሚሳሳቱ የምታውቀው አንተ ነህና። የተማሪዎችህን ስምና ውጤት ደግሞ በፍጹም እዚያ ውስጥ አታስገባ።