ክብደት ለመቀነስ በየትኛው እንቅስቃሴ ልጀምር? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ከመስከረም ወዲህ ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት፣ ክብደት ለመቀነስ ቆርጠው የተነሡ ነገር ግን በምን ዓይነት እንቅስቃሴ መጀመር እንዳለባቸው የቸገራቸው አንባቢያን የላኳቸው ናቸው። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ ሰባቱን መርጬና አሳጥሬ አቅርቤአለሁ። ደረቱን የሚያመው፣ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ራሱን ስቶ የሚያውቅ ሰው ግን ከዚህ በታች የተጻፈውን ከመሞከሩ በፊት ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41፣ ክብደቴ 96 ኪሎ ነው። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ የሚያውል ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ከለቀቅሁ ወዲህ ስፖርት ሠርቼ አላውቅም። ጓደኞቼ ጂም ግባ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ በኅዳር ታላቁ ሩጫ ላይ መሮጥ ያምረኛል። ከየት ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በእግር ጉዞ ይጀምሩ። መልሱ ቀላል በመሆኑ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ሆኖም ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ ከባድ ሰውነት በድንገት ወደ ሩጫ ሲገባ፣ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየለመዱ ሲመጡ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ለመጠንከር ወራት ይፈጅባቸዋል። በዚህም ምክንያት ትንፋሽዎ «እችላለሁ» በሚልበት ሰዓት ተረከዝዎና ቅልጥምዎ ገና ዝግጁ አይሆኑም፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት እያነከሱ የሚያቋርጡ ጀማሪዎች የሚበዙትም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ይራመዱ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ እየጨመሩ እስከ 40 ደቂቃ ይድረሱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚህም ጋር ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል፤ 40 ደቂቃ በአምስት ቀን 200 ደቂቃ ስለሚሆን ከዚህ ልክ ውስጥ ይገባሉ። ፍጥነቱን ለመለካት ልዩ የእጅ ሰዓት መግዛት አያስፈልግዎትም፤ እየተራመዱ ከባልንጀራዎ ጋር ማውራት እየቻሉ መዝፈን የሚያቅትዎት ከሆነ ልኩ እሱ ነው። ማውራትም ካቃተዎት ቀነስ፣ መዝፈን ከቻሉ ደግሞ ጠንከር ያድርጉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ዳገታማ ከተማ በመሆኗ የቦታ ምርጫም ዋጋ አለው። በመጀመሪያው ወር እንጦጦን ይተዉትና እንደ ጃንሜዳ ወይም እንደ መስቀል አደባባይ ያለ ሜዳማ ቦታ ይምረጡ፤ እሱ ከራቀዎት በመኪና ጭስ ከታፈነው ዋና መንገድ ይልቅ የሠፈርዎ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሻላል። በአደባባዩ በሙዚቃ ታጅቦ የሚሠራው የቡድን ስፖርት ከሳበዎት ይግቡ፤ ዝላዩን ትተው በቦታዎ ቢራመዱ ማንም አይቆጣዎትም።

ጂሙን በተመለከተ፣ የሦስት ወር ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ስድስት ሳምንት በነጻ እንዲራመዱ እመክራለሁ፤ ስድስት ሳምንት መራመድ ያልቻለ ሰው ስለከፈለ ብቻ ጂም ሲመላለስ እምብዛም አይታይም። ታላቁ ሩጫም አይቅርብዎት። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ እየተራመዱና እየዘፈኑ ለሚጨርሱ ብዙ ሰዎችም የሚበቃ ነው። 40 ደቂቃ ሳይከብድዎት መራመድ ሲችሉ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ይሞክሩ፤ ዘንድሮ ተራምደው ቢጨርሱት ለከርሞው ሩጫ ያደርሰዎታል።

ጥያቄ፦ የ57 ዓመት እናት ነኝ። ሰውነቴ ከብዷል፣ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል። ልጆቼ ገመድ ዝለዪ፣ ስኳት ሥሪ ይሉኛል። ጉልበት እያመመ ስፖርት ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል፤ እንዲያውም ጉልበትዎ ይፈልገዋል። ክብደት በበዛበትና ጉልበቱን በሚያመው ሰው ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ደግሞ መገጣጠሚያው ብቻውን ይሸከመው የነበረውን ጫና ይጋራዋል። የገመድ ዝላዩን ግን ለልጆችዎ ይተዉላቸው።

ለእርስዎ የምመርጠው ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ነው። በርጩማ ዝቅ ስለሚል አይሆንም፤ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ያምጡና እንዳይንሸራተት ጀርባውን ከግድግዳ ጋር ያስደግፉት። ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ ብለው ይቀመጡ፣ እግሮችዎን በዳሌዎ ስፋት ልክ ከፈት አድርገው ተረከዝዎን ከጉልበትዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ፣ እጆችዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ። ከዚያ ደረትዎን ወደ ፊት አዘንብለው፣ ተረከዝዎን መሬት ላይ ገፍተው፣ ትንፋሽ እያወጡ ይነሡ። ጡንቻው ሲቀመጡም ስለሚሠራ በልብዎ እስከ ሦስት እየቆጠሩ በዝግታ ይውረዱ እንጂ ዘፍ አይበሉ፤ በዚህ ጊዜ ጉልበትዎ ወደ ውስጥ ሳይጠጋ በእግር ጣቶችዎ አቅጣጫ መሄዱን ዝቅ ብለው ይመልከቱ። ስምንት ጊዜ ሠርተው አንድ ደቂቃ ይረፉና ስምንቱን ይድገሙ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ሲነሡ ካመመዎት ወንበሩ ላይ ትራስ አክለው ከፍ ያድርጉት፤ ሳምንታት ሲያልፉ ትራሱን ያነሡታል።

ባሕር ዳር ሜዳማና ብስክሌት የተለመደባት ከተማ በመሆኗ፣ መንዳት የሚችሉ ከሆነ ብስክሌት ጉልበትን ከማይጎዱት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው፤ መቀመጫው ከፍ ብሎ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ በትንሹ ብቻ የሚታጠፍ ይሁን። በሚሠሩበት ጊዜ የሚሰማ ቀለል ያለ ሕመም በማግስቱ ጋብ የሚል ከሆነ አያስፈራም፤ ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም እየከዳዎት ከሆነ ግን አቁመው ይታዩ።

ጥያቄ፦ በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ 29 ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስሠራ እየዋልሁ በሁለት ዓመት ውስጥ 14 ኪሎ ጨመርሁ። መውጣት የምችለው በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን ክፍሌም ጠባብ ነው። ምን ልሥራ? (ከሪያድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራሽ እያደከመሽ ክብደት መጨመርሽ ስንፍና አይደለም። የቤት ሥራ ቀኑን ሙሉ ያቆማል፣ ያጎነብሳል፤ ነገር ግን ልብ ምትን ከፍ አድርጎ የሚያቆይበት ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ ላይ በረፍት ማጣት ምክንያት አንድ ጊዜ ማታ ላይ አብዝቶ መብላት ይለመዳል። የደከመ ሰው አንድ ሰዓት ስፖርት እንዲሠራ መምከር ግፍ ስለሚሆን እኔ የምጠይቅሽ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የምትሆን ወለል ትበቃለች። ከግድግዳው አንድ እርምጃ ርቀሽ፣ መዳፎችሽን በደረትሽ ትክክል ግድግዳው ላይ አሳርፈሽ፣ ክንድሽን እያጠፍሽ ደረትሽን ወደ ግድግዳው አስጠጊና ግፊው፤ ይህ የጀማሪ ፑሽ አፕ ነው። ቀጥለሽ በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ እግርሽን መሬት አስረግጪና መቀመጫሽን ከፍ አድርገሽ ሁለት ቆጥረሽ መልሺ፤ ቀን ሙሉ ለሚጎነብስ ወገብ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። ከላይ ለእናታችን የጻፍሁትን ከአልጋሽ ጠርዝ መነሣትና መቀመጥም ጨምሪበት። ሦስቱንም አሥር አሥር ጊዜ፣ ሁለት ዙር። የእረፍት ቀንሽ ሲደርስ በበጋው ሙቀት ደጅ ከመራመድ በቀዝቃዛ የገበያ ማዕከል ውስጥ ከጓደኛ ጋር መራመዱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቦርጬን ብቻ ማጥፋት እፈልጋለሁ። ሲት አፕ በቀን ስንት ልሥራ? ሆድ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥስ ይረዳል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሲት አፕ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያቃጥልም፤ ሰውነት ስብን ከየትኛው ቦታ አስቀድሞ እንደሚቀንስ የሚወስነው በአብዛኛው ተፈጥሮና ዘር ነው። ላስቲኩ የሚያወጣው ላብ ብቻ ስለሆነ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ሲጠጡ ሚዛኑ ይመለሳል፤ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ለአደጋ ይዳርጋል። ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። በጾም ወቅት ስፖርት ልተው ወይስ በየትኛው ሰዓት ልሥራ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሃምሳ አምስት ቀን ማቋረጥ የጀመሩትን ልማድ ስለሚያፈርሰው አይተዉት፤ ሰዓቱንና ጥንካሬውን ይለውጡት። እግር ጉዞውን ጾም ከመፍታትዎ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ለዘብ አድርገው ይሂዱ፤ ሲጨርሱ ውኃና ምግብ ይጠብቀዎታል። ጡንቻ የሚያጠነክረውን ደግሞ ከበሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ያድርጉት። በረመዳን የሚጾሙ አንባቢያንም ከኢፍጣር በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት በዚሁ መንገድ መጠቀም ይችላሉ። ማዞር ከተሰማዎት የዕለቱን ይተዉት።

በጾም ክብደት የሚጨምር ሰው ማየቴ አዲስ ነገር አይደለም። ሥጋና ወተት ቀርቶ በምትኩ ዳቦ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ዘይት የተንሳፈፈበት ወጥ ሲበዛ ጾሙ ክብደት አይቀንስም። ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ከማዕድዎ አይጥፉ፤ ስፖርት የሚሠራ ጡንቻ የሚጠገነው በእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ የሚኖሩት አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ የስኳር ሕመም አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሐኪማቸው ክብደት ይቀንሱ ብሎ እግር ጉዞ አዟል። ምን ይጠንቀቁ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው በእንቅስቃሴ ጊዜ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ ሳይበሉ በማለዳ ከመውጣት ቁርስ በልተው ቢወጡ ይመረጣል። ከመነሣታቸው በፊት ስኳራቸውን ይለኩ፤ ከ90 mg/dL በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚበላ ነገር ይቅመሱ። ኪሳቸው ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይኑር፤ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ካላባቸው ወይም ግራ ከገባቸው ተቀምጠው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ። ከጉዞ ሲመለሱ ካልሲያቸውን አውልቀው የውስጥ እግራቸውን ማየት አለባቸው፤ ስሜቱ በደነዘዘ እግር ላይ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ሳይታወቅ ሊከፋ ይችላል። እርስዎ ከውጭ ገንዘብ ከሚልኩላቸው ይልቅ በልካቸው የሆነ፣ ፊቱ ሰፊ ስፖርት ጫማ ቢልኩላቸው የበለጠ ይጠቅማቸዋል። የኢንሱሊኑ መጠን መለወጥ ካለበት የሚወስነው ሐኪማቸው ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ሳምንት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተራመድሁ፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። እንቅስቃሴው አልሠራልኝም ማለት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ሲራመድ፣ ተቀምጦ ቢሆን ከሚያወጣው በላይ የሚያቃጥለው 100 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ ምግብ ሳይነካ በእርምጃ ብቻ አንድ ኪሎ ለመቀነስ 77 ቀን ይፈጃል፤ ስድስት ሳምንት 42 ቀን ብቻ ነው። በአንጻሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በቀን አራት ሲኒ ቡና በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጡ ከሆነም ከስኳሩ ብቻ ወደ 190 ካሎሪ ያገኛሉ። እርምጃው ሥራውን ሠርቷል፤ ግማሽ ሰዓት የተደከመበትን ድስቱና ሲኒው መልሰውታል።

ስለዚህ እርምጃውን ሳያቋርጡ ወጥ ውስጥ የሚገባውን ዘይት ከጠርሙሱ በቀጥታ ከማፍሰስ በማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ፣ የቡናውን ስኳር ወደ አንድ ማንኪያ ያውርዱ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከላይ የጻፍኋቸውን የወንበርና የግድግዳ እንቅስቃሴዎች ይጨምሩበት። አዲስ እንቅስቃሴ የጀመረ ጡንቻ ውኃ ስለሚይዝ ሚዛኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍ ቢልም አይደንግጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው ከመብላትዎ በፊት ይመዘኑ፤ በዚያው ቀን የልብስ ሰፊ ሜትር በእምብርትዎ ትክክል አዙረው ወገብዎን ይለኩና ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀንሰው የወገቡ ነው።