የምን ወፍ ነው የበዛው?

«ከወንዙ ዳር ከብት ማሰማራት ካቆምን ሁለት ዓመት ሆነን። ወፉ በዝቷል። መሬቱ አገገመ ማለት ነው?» ላልከው ወንድሜ፣ የምን ወፍ እንደበዛ ሳትነግረን እንዴት እንመልስልህ?

እኛ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ወደ በሬሳ ወንዝ የምትገባ ጅረት ዳር፣ ግማሽ ጥማድ የማትሞላ መሬት አጥረናል። መጀመሪያ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ ጠዋት ጋጋኖ መሬቱን ሞልቶት ሳይ ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ያልላክሁለት ሰው የለም። ለካ ጎረቤት ማሳውን ገና አርሶ ነበር፤ የመጡት ለትሉ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድም የለም።

ከዚያ ወዲህ ለመንገደኛው ግድ የለኝም፤ ጫጩት የሚያወጣውን ነው የማየው። ሣሩ ጉልበት ሲደርስ አንዲት ቡናማ ወፍ መጣች። አካሄዷ የዶሮ ነው፣ ጭራዋን ሽቅብ ሽቅብ ስታደርግ ከሥሩ ነጩ ብልጭ ይላል። ያለ እኛና ያለ ኤርትራ ደጋ ሌላ አገር የላትም። ባለፈው ክረምት ሁለት ጫጩት አስከትላ አየኋት፤ እሷን አምናለሁ። ክንፏ ላይ ሰማያዊ ያለባት፣ አንገቷን ጀርባዋ ላይ አጥፋ የምታሳርፈው ዝይ ግን ለመጋጥ ብቻ ነው የምትመጣው። የምትፈለፍለው መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ስለሆነ ከብት የሚረግጠውን ቦታ አትደፍረውም። ጎጆዋን እስካላይ ድረስ የእኛ መሬት ገና ነው እላለሁ።

ውሃውን ደግሞ ወፍ አይነግርህም። ድንጋይ ገልብጥ። ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላት፣ ጥፍር የማታክል ነፍሳት ተለጥፋበት ካየህ ጥሩ ነው፤ በደንብ አየር ያለው ውሃ ትወዳለች። ጭቃው ውስጥ ቀይ ትል ብቻ ከሆነ ግን ተጠራጠር፣ እሱ አየር ባነሰበትም ይኖራል፣ ቅላቱም ያችኑ ትንሽ አየር የሚይዝለት ደሙ ነው። አምና ጥቅምት ላይ የእንቁራሪቱ ጩኸት ድንገት ጠፋብን፤ ጭራቸውን ያልጣሉት ልጆቻቸው ሞተው ይንሳፈፋሉ። ሽቅብ ብንሄድ አንድ ሰውዬ የአረም መድኃኒት መርጫውን ጅረቱ ውስጥ ያለቀልቃል! ለጥቂት ሳምንት ቡና አልተጠራራንም።

ቦታህ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ከሆነ ወፎቹ ሌላ ናቸው፣ ድንጋዩን መገልበጡ ግን ያው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሂድና ዝም ብለህ ተቀመጥ። ውሻህን ቤት ተወው፣ የእኔው ያቺን ቡናማ ወፍ ሁለቴ አባሮብኛል።