የድሮ ሮክ ባንድ ስታዲየም ሄዶ ማየት ዋጋ አለው ወይ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ባለቤትሽ ለሰመር የድሮ ሮክ ባንድ ስታዲየም ገብቶ ሊያይ ቲኬት ሊገዛ ነው፣ ሰዎቹ 80 አመት እየተጠጉ ነው፣ አንቺ ከአንድ ሁለት ዘፈናቸው በላይ አታውቂም፣ ብሩም ቀላል አይደለም፣ የ9 አመት ልጃችሁንም ይዛችሁ ልትሄዱ አስባችኋል። ከላይ ብዙ ሰው "ሽማግሌ ለማየት ይሄን ሁሉ ብር፣ ዩቲዩብ ላይ እይው" ብሎሻል። እኔ በፍጹም አልስማማም፣ ሂዱ ነው የምልሽ። ግን የት እንደምትቀመጡና እዛ ስትደርሱ ማንን እንደምታዩ ቀድማችሁ አስቡበት፣ ልዩነቱ ያለው እዛ ላይ ነው።

እኔ የእንግሊዞቹን ሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስን ያየኋቸው እዚሁ ሜሪላንድ ላንዶቨር ነው፣ ጁላይ 3 2019፣ ያኔ ፌዴክስ ፊልድ ይባል የነበረው አሁን ኖርዝዌስት ስታዲየም ያሉት ቦታ። ኮንሰርቱ መጀመሪያ ለሜይ 31 ነበር የተያዘው፣ ዘፋኙ ሚክ ጃገር ኤፕሪል ላይ የልብ ቫልቭ ህክምና አደረገና ቱሩ በሙሉ ተገፋ፣ ጁን 21 ቺካጎ ላይ ጀመሩ፣ ከዛ ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ እኛ ጋ መጡ። እስቲ አስቢው፣ የ75 አመት ሰው ነው፣ ልቡን ከታከመ ሶስት ወር ቢሆነው ነው፣ በዛ በሚያፍነው የጁላይ ሙቀት ወደ ህዝቡ መሀል የገባውን ረጅሙን መድረክ እየሮጠ ሄዶ እየሮጠ ይመለሳል፣ ያውም እየዘፈነ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች እድሜያቸው ከኔ አባት የሚበልጥ ፈረንጆች ናቸው፣ መቀመጫ እያለ አንዳቸውም አልተቀመጡም።

ግን እኔን የያዘኝ ጃገር አይደለም፣ ከበሮ መቺው ነው። ቻርሊ ዋትስ ያኔ 78 አመቱ ነበር፣ ከኋላ ትንሽዬ ድራም ይዞ ቁጭ ብሏል፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ ከፊቱ ግን ስታዲየሙ ይንቀጠቀጣል። ስክሪኑ ወደሱ ሲዞር እጁን ብቻ ነበር የማየው። አብዛኛው የሮክ ድራመር ሃይ ሃቱን፣ ማለትም ተደራራቢዎቹን የናስ ሰሃኖች፣ ሳያቋርጥ ይመታል፣ ቻርሊ ግን ስኔሩን፣ ማለትም ጥርት ያለ ድምፅ ያለውን ትንሹን ከበሮ፣ በግራው ሲመታ ቀኝ እጁ ከሃይ ሃቱ ላይ ብድግ ይላል፣ ሁለቱን አንድ ላይ አይመታም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ስኔሩ ብቻውን ጥርት ብሎ የሚወጣው ለዛ ነው፣ ዘፈኑም እንደማሽን ሳይሆን እንደሚተነፍስ ሰው የሚሆነው ለዛ ነው። ሰውየው ልቡ ጃዝ ላይ ነው፣ ግራ እጁ ላይ ዱላውን የሚይዘውም እንደ ጃዝ መቺዎቹ ነው። ይሄን ሁሉ በሲዲ ስንት አመት ስሰማው ኖሬ ያን ማታ ሳየው ነው የገባኝ። ቻርሊ ኦገስት 2021 አረፈ። አሁን ስቲቭ ጆርዳን ነው የሚመታላቸው፣ እሱም ጎበዝ ነው፣ ግን ሌላ ሰው ነው፣ የቻርሊ እጅ የለም። "ሌላ ጊዜ አየዋለሁ" የሚባለው ነገር ለነዚህ ባንዶች አይሰራም የምልሽ ለዚህ ነው።

ዘፈን አላውቅም ያልሽውም አያሳስብሽ። የምታዩት ስቶንስን ከሆነ ጊታሪስታቸው ኪት ሪቻርድስ በየዘፈኑ መሀል ጊታር ሲቀይር ታያለሽ፣ ለፋሽን አይደለም። ክራር ቅኝቱ ሲቀየር እንደገና እንደሚቃኘው ማለት ነው፣ ኪት ኦፕን ጂ በሚባል ቅኝት ነው ብዙዎቹን የሚጫወተው፣ ስድስተኛውን ክር ጭራሽ አውጥቶ በአምስት ክር። እንደ ስታርት ሚ አፕ ያሉት ዘፈኖች ያ ድምፅ ያላቸው በዚህ ነው፣ በተለመደው ቅኝት ብትሞክሪው አይመጣም። እና ከሱ ወደ ከበሮው፣ ከከበሮው ወደሱ ተመልከቺ፣ አንዱ ትንሽ ሲዘገይ ሌላው ይጠብቀዋል፣ ሲፈጥን ይከተለዋል። ብዙ አመት አብረው የተጫወቱ ሰዎች እንዴት እንደሚደማመጡ ለማየት ግጥሙን ማወቅ አያስፈልግሽም፣ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ካሜራው ሁሌ ዘፋኙ ላይ ስለሆነ አታገኚውም።

አሁን ወደ መቀመጫው። ባለቤትሽ ሜዳው ላይ፣ መድረኩ ስር ካልሆነ ሊል ይችላል። ከልጅ ጋር ከሆናችሁ አይሆንም በይው። ሜዳው ላይ ወንበር ቢኖርም ሁሉም ሰው ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ይቆማል፣ የ9 አመት ልጅ ሁለት ሰአት ሙሉ የሰው ጀርባ ነው የሚያየው። የመጨረሻው ፎቅ ደግሞ ርካሽ ነው፣ ህዝቡ ሁሉ ይታያል፣ ግን ድምፁ ኮንክሪቱ ላይ እየነጠረ ይደበላለቃል። ደግሞ ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ነው የሚሄደው፣ መቶ ሜትር ርቀሽ ከተቀመጥሽ ዱላው ስኔሩ ላይ ሲያርፍ በአይንሽ ታዪና ድምፁ ወደ ሲሶ ሰከንድ ዘግይቶ ይመጣል፣ እና እኔ ዋናው ነገር ነው ያልኩሽ የከበሮው እጅ እዛ ላይ ይበላሻል። በኔ ግምት የሚሻለው የታችኛው ዙር ነው፣ ወደ ጎን ሆኖ ግን ከመድረኩ መስመር ያላለፈ፣ አልፎ ከሆነ የስክሪኑን ጀርባ ነው የምታዩት። የሴክሽን ካርታው ላይ ሜዳው መሀል የሚክሰሩን ቦታ ፈልጊ፣ ድምፁን የሚያስተካክለው ሰውዬ እዛ ነው የሚቀመጠው፣ ከሱ ጋር ትይዩ የሆነ ወንበር ካገኛችሁ ያው እሱ የሚሰማውን የሚቀርብ ነገር ትሰማላችሁ።

የልጁ ጆሮ ነገር ግን ቀልድ አይደለም እህቴ፣ እዚህ ላይ አደራ። የአሜሪካ የስራ ጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ለ8 ሰአት ነው የሚፈቅዱት፣ ከዛ በየ3 ዴሲቤሉ ሰአቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፣ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው። የሮክ ኮንሰርት 100 መድረሱ የተለመደ ነው፣ እናንተ ደግሞ ሁለት ሰአት ልትቆዩ ነው፣ መክፈቻው ባንድ ሳይቆጠር። ለልጁ እንደ ሄድፎን ጆሮውን ሙሉ የሚሸፍነውን ግዙለት፣ ቤት ውስጥ አስቀድሞ አድርጎ ይልመደው፣ አለዚያ እዛ ሲደርስ ያወልቀዋል። ለናንተ ደግሞ ለሙዚቀኛ የሚሸጠው ኢርፕላግ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ አለ፣ ድምፁን ሳያፍን ቀነስ ብቻ ነው የሚያደርገው፣ እንደውም ግጥሙ የበለጠ ይሰማል። የሮክ ባንዱ የኤሲ ዲሲ ዘፋኝ ብራያን ጆንሰን እንኳን በ2016 ሀኪሞች "ካላቆምክ ጭራሽ ትደነቁራለህ" ብለውት ከቱር መሀል ወጥቷል፣ ያውም ስራው ሙዚቃ የሆነ ሰው።

ሌላው ቶሎ ቶሎ ልበልሽ። መዳፍ ከምታህል ትንሽዬ ቦርሳ በቀር ቦርሳ ግልፅ ፕላስቲክ ካልሆነ አያስገቡም፣ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ስታዲየም ውስጥ ከ2013 ጀምሮ እንደዛ ነው፣ የዳይፐር ቦርሳ የሚያህለውን ይዘሽ እንዳትመጪ። ላንዶቨር ከሆነ ሞርጋን ቡሌቫርድ ሜትሮ ወርዳችሁ አንድ ማይል ገደማ በእግር ነው፣ ለሚተኛ ልጅ ሲመለሱ ረጅም ነው፣ እና የሜትሮው መዝጊያ ሰአት በስራ ቀን መቼ እንደሆነ ቀድመሽ እዪ፣ እኔ ስሄድ በፈረንጁ ማታ 11:30 ነበርና ብዙ ሰው የመጨረሻው ዘፈን ሳይዘፈን እየሮጠ ወጣ፣ በጣም ነው ያሳዘኑኝ፣ ርችቱን እንኳን አላዩትም። መኪና ከሆነ ደግሞ ፓርኪንጉን ቀድማችሁ ግዙ፣ ስትወጡ አትቸኩሉ፣ ልጁ መኪና ውስጥ ይተኛ።

ቲኬቱን ዛሬውኑ አትግዙ። ሪሴል ላይ፣ ማለትም የገዛ ሰው መልሶ ሲሸጠው፣ ያለው ዋጋ ኮንሰርቱ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ብዙ ጊዜ ይወርዳል፣ ዋስትና ባይኖረውም። ስቶንስ ባለፉት ቱሮቻቸው ላኪ ዲፕ የሚሉት ርካሽ ቲኬትም ሸጠው ነበር፣ የት እንደምትቀመጪ የምታውቂው በእለቱ ስትወስጂው ነበር፣ ግን ለአንድ ሰው ሁለት ብቻ ስለነበር ለናንተ ለሶስታችሁ አያመችም። ባለቤትሽ ያያቸውን ሴክሽኖች ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ፣ የትኛው ከሚክሰሩ ጋር እንደሚገጥም ካርታው ላይ አይቼ እነግርሻለሁ።